ለአስካለ የቆረጥኩት ሳይክል

ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሥራ የገባሁት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬም የሰው ሳይክል ማበላሸት ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አቃቂና ቃሊቲ በየጊዜው አዲስ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ብቅ የሚልባቸው ነበሩ። እኛ እዚያው አቃቂ ወንዝ ዳር ጤፍና ሽምብራ የምናርስ ቤተሰቦች ነን። አባቴ መሬቱ ለሦስት ወንድማማች እንደማይበቃ አየና «ቶለሳ፣ አንተ ከፋብሪካው ሰፈር ዕድልህን ሞክር» አለኝ። ባቡር ጣቢያ ጥቂት ጊዜ ጆንያ ተሸከምኩ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው ጋሽ ኑሪ ዘንድ የገባሁት።

ሱቁ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ድልድዩ ጋ ሳይደረስ ነበር። አንድ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከጣሪያዋ ቸርኬ ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳው ላይ የብሎን መፍቻ ቁልፎች ከትልቅ እስከ ትንሽ በምስማር ተሰቅለዋል፤ መሐል ላይ ብረት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት ወፍራም ጠረጴዛ አለ። የደጃፉ መሬት በዘይት ብዛት ጠቁሮ ዝናብ እንኳ አያርሰውም ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ጠዋትና ማታ በዚያ በር ፊት ያልፋል።

ጋሽ ኑሪ ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው የመጡ፣ ሙያውን ፒያሳ አንድ ጣሊያን መካኒክ ዘንድ የተማሩ ሰው ናቸው። ከሰማያዊ ቱታቸው ጋር ሁልጊዜ ነጭ ቆብ ያደርጋሉ። ያ ቆብ ላይ አንዲት የግራሶ ጠብታ አይቼ አላውቅም። እኔ በግማሽ ቀን እስከ ጆሮዬ ጥቁር ነበርኩ።

በዚያ ሰኞ ቁልፍ ሰጡኝና «ግራ ፔዳሉን ፍታው» አሉኝ። ጉልበት አልቸገረኝም። ማንኛውም ብሎን እንደሚፈታው ወደ ግራ አዞርኩት፤ እምቢ አለ። እግሬን አስደግፌ በሙሉ ክብደቴ ሳብኩት። ቀጭ አለና ዞረ። ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ። ዞረ ያልኩት ግን ፔዳሉ ተፈትቶ ሳይሆን ጥርሱ ተላልጦ ነው።

ጋሽ ኑሪ መጥተው አዩት። አልጮሁም።

«ጉልበትህን ባቡር ጣቢያ ትተኸው ና» አሉኝ። «የግራ ፔዳል ጥርስ በተቃራኒው ነው የተቆረጠው። ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ለምን መሰለህ? ሰውዬው እየረገጠ ሲሄድ ራሱን እንዳይፈታ። ይሄን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ!»

ሳይክል የወደድኩት በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል። አንድ ሰው የማያውቀው መንገደኛ እንዳይወድቅ ብሎ የአንዲት ብሎን ጥርስ ገልብጦ ቆረጠ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የሱቁ ማዕረግ አራት ነበር። ጀማሪ ጎማ ይለጥፋል፤ ሲሻሻል ፍሬን ይሰጠዋል። ከፍሬን ወደ ቸርኬ ይሻገራል፤ ቸርኬ ማቃናት የሽቦዎቹን ውጥረት በጣት እየነኩና በጆሮ እየሰሙ ማስተካከል ስለሆነ ችኩል ሰው አይሆነውም። መጨረሻው ብየዳ ነው። እኔ ብየዳ ላይ የደረስኩት በአምስተኛው ዓመት ነው፤ ሲደርሰኝም የጳጳስ ሹመት የተሰጠኝ ያህል ነበር የተንጠባረርኩት።

ለጌታውም ለሠራተኛውም እኩል የሆነ አንድ ሕግ ነበር። የተሠራ ሳይክል ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት የሠራው ሰው ራሱ እስከ ድልድዩ ነድቶት ይመለሳል። «ደርሶ መልስ» እንለው ነበር። ሲወርዱ ፍሬኑ ይታያል፤ ሲወጡ ሰንሰለቱ። ዝናብም ቢሆን ደርሶ መልስ አይቀርም።

ጋሽ ኑሪ ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ የተወላቸው የተቦጫጨቀ የሥዕል መጽሐፍ ነበራቸው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ያወጡታል። ሳይክል ስንት ጊዜ መልኩን እንደለወጠ እኔ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። አንደኛው ሥዕል ላይ የፊት ጎማው የሰው ቁመት የሚያህል፣ የኋላው የሰፌድ ያህል የሆነ ነገር አለ።

«ይሄ ላይ በመሰላል ነው የሚወጡት?» አልኳቸው።

«ሰንሰለት የለውማ!» አሉ። «ፔዳሉ የታሰረው የፊት ጎማው ላይ ነው። አንዴ ስትረግጥ ጎማው አንዴ ይዞራል። መፍጠን ካማረህ ያለህ መላ ጎማውን ማሳደግ ብቻ ነው። ሰንሰለት ሲመጣ ጎማው ወደ ሰው ልክ ወረደ፤ ሰውም ከከፍታ ወድቆ ጥርሱን ማርገፉ ቀረለት።»

ቀጥሎ ያለው ሥዕል ዛሬ የምናውቀው ሳይክል ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሆነው፣ መሐላቸው ቴላዮ የምንለው የቧንቧ አጽም አለ። ጋሽ ኑሪ ሦስት እንጨት ጫፍ ለጫፍ በምስማር አያይዘው ሰጡኝና «አጣመው» አሉኝ። አልጣመም። አራተኛ እንጨት ጨምረው አራት ማዕዘን አደረጉትና «አሁንስ?» አሉኝ። እንደ ጨርቅ ታጠፈ። ሳይክል የቆመው በሦስት ማዕዘን ነው፤ ከላይ ያለው አግዳሚ ቧንቧ ከወጣ ሦስት ማዕዘኑ ይፈርሳል። ይሄን ተምሬ ነበር። መማር ብቻውን ግን ሰውን ከጥጋብ አያድነውም።

አቃቂ ላይ በብዛት የነበረው «ጥቁሩ» የምንለው ነው። ከባድ፣ ረጅም፣ ኮርቻው ቆዳ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ። ዘቦችና ተላላኪዎች እሱን ይነዱ ነበር። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጭነውበት ሲያልፉ አይቻለሁ፤ አቤት አላለም። ጥቁሩ ልክ እንደ ጥሩ በሬ ነበር፤ አይቸኩልም፣ አይቀርም።

«ስሱ» ደግሞ ጣሊያን ሠራሽ ነው። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ማርሽ ያለው። አስፋልት ላይ ሲበር ያምራል። ክረምት ሲገባ ግን የአቃቂ መረሬ ጥቁር አፈር ጎማውና የጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ መሐል ይጠቀጠቅና ቀጥ ያደርገዋል። ባለቤቱ ሳይክሉን ተሸክሞ ወደኛ ይመጣል። ስሱን የነዱ ጎረምሶች ሁሉ ሐምሌ ላይ ትሑት ይሆኑ ነበር።

ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያለውም መጣ፤ መሪው ላይ አንድም የፍሬን እጀታ የለውም። የለመደ ይወደዋል። ያልለመደ ቁልቁለት ላይ እጀታ ፍለጋ ሲዳብስ ወንዝ ይገባል። በመጨረሻ ትንንሽ ጎማ ያላቸው መሐላቸው የሚታጠፍ የፈረንጅ ሚስቶች ሳይክሎች ታዩ። ጋሽ ኑሪ የመጀመሪያዋን ሲያዩ «እቺ ገና ታድጋለች» ብለው አለፏት።

አስካለ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

አስካለ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የክር ፋብሪካ ፈታይ ነበረች። ቤቷ ቃሊቲ ነው። እናቷንና ወንድሟን የምታኖር እሷ ናት። ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና፣ ምላሷ ስል የሆነ ሴት ናት። አንድ ቀን አሮጌ ጥቁር ሳይክል እየገፋች ሱቁ በር ላይ ቆመች፤ ጡረታ ከወጣ ዘብ የገዛችው ነው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የኔ።»

«የሚነዳው ባልሽ ነው?»

«ባል ቢኖረኝ እሱን ነበር የምነዳው። የኔ ነው አልኩህ እኮ!»

የጋሽ ኑሪን ሳቅ ከውስጥ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው እሷን ወደ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ አዛውሯታል። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ አይገኝም፤ በእግር ደግሞ ሩቅ ነው። ሁለት ጊዜ አርፍዳ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሦስተኛው ስንብት ነው። መንዳቱን ከወንድሟ ተምራለች፤ የሱን ሱሪ ለብሳ ሜዳ ላይ። ሱሪ ለብሶ ፋብሪካ መግባት ግን በዚያ ዘመን የማይታሰብ ነው፤ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ደግሞ አግዳሚው ቧንቧ እግሯን ይከለክላታል።

«ይሄን ብረት ቁረጡልኝ» አለች።

«እሱ የሳይክሉ ወገብ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኑሪ። የሥዕል መጽሐፋቸውን አውጥተው የሴት ሳይክል አሳዩዋት፤ አግዳሚው ዝቅ ብሎ አዘንብሏል። «ይሆናል፤ ግን በጥንቃቄ ነው። እኔ ለዓረፋ አገር ቤት ልገባ ነው። ስመለስ እሠራልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ እስከዚያ ሥራ ላይ አልገኝማ!» አለች።

ጋሽ ኑሪ ወደ እኔ ዞረው «እስክመጣ ይቆይ» አሉ። በማግስቱ ከአገራቸው ልጆች ጋር መኪና ተሳፍረው ሄዱ። ለዓረፋ የስልጤ ሰው ሱቅ አይጠብቅም፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ቀረ።

አስካለ በነጋታው ተመለሰች። «አንተ ብየዳ አትችልም እንዴ?» አለችኝ።

በዚህ ጥያቄ ያልተሸነፈ በያጅ ካለ አሳዩኝ። እርግጥ አዝኜላታለሁ፤ እውነት ነው። ግን ኀዘኔታ ብቻ አልነበረም። ጋሽ ኑሪ ሲመለሱ የሴት ሳይክል ሠርቼ ሳሳያቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል ለማየት ቸኩዬ ነበር።

አግዳሚውን በመጋዝ ቆረጥኩት። ያንኑ ቧንቧ አዘንብዬ ዝቅ አድርጌ ልገጥመው ስል አጠረኝ፤ ያዘነበለ መንገድ ከቀጥታው ይረዝማል። አንድ ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ ፈልጌ አፍ ለአፍ ገጥሜ በየድኩበት። በሞረድ አለሰለስኩ፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁ። መገጣጠሚያው ፈጽሞ አይታይም። ራሴን አደነቅኩ።

ደርሶ መልስ ብቻ ሲቀር ነው ጉዱ የመጣው። የጨረስኩት ልክ ፈረቃ ሲለወጥ ነበር። መንገዱ በሠራተኛ ተሞልቷል፤ ግማሹ የማውቀው ነው። እኔ ቶለሳ፣ ባለ ጢሙ በያጅ፣ በሴት ሳይክል ላይ ተቀምጬ ድልድይ ድረስ? እስክሞት ሲስቁብኝ ይኖራሉ። ሱቅ ውስጥ እንደቆምኩ ኮርቻውን በሁለት እጄ ሦስት ጊዜ ተጫንኩትና «ደህና ነው» ብዬ ሰጠኋት።

አራት ቀን ነዳችው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስከፍት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ታልፋለች፤ ደወሉን ሁለት ጊዜ ትደውልልኛለች። ደስ ይለኝ ነበር። የካሚዮን ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፉባታል፤ እሷ ደግሞ በደወሏ ትመልስላቸዋለች።

በአምስተኛው ቀን ደወሉን አልሰማሁም። ጩኸት ነው የሰማሁት።

ቁልቁለቱ ላይ ያዘነበለው ቧንቧ ተቆረጠ። እሱ ሲለቅ የታችኛው ብቻውን አልቻለም፤ ሳይክሉ መሐሉ ላይ ታጠፈ። ስደርስ አስካለ መንገድ ዳር ተቀምጣ ግራ ክንዷን ታቅፋለች። ጉልበቷ ተልጧል፤ ከንፈሯ ይደማል። አላለቀሰችም። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ነው ያለችኝ። አንድ የካሚዮን ሾፌር አሳፍሯት ሐኪም ቤት ወሰዳት። እኔ የተቆረጠውን ብረት ይዤ እዚያው ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ክንዷ በጀሶ ታስሮ መጣች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ካቦው ቀረች ብሎ ጽፎብኛል» አለች። ካቦ የፈታዮቹ አለቃ ነው። «ወደቅኩ ብል ማን ያምነኛል? ‹ሴት ሳይክል ላይ ምን ልትሠራ ወጣች› ብለው ይስቁብኛል። ብረቱ ተሰብሮ ነው ብለህ ንገርልኝ።»

«እሺ» አልኳት። ግን አልሄድኩም። የዚያ ፋብሪካ የተላላኪና የዘበኞች ሳይክሎች በሙሉ የሚጠገኑት እኛ ዘንድ ነበር። የኔ ብየዳ ሰው ጣለ ብዬ አፌን ሞልቼ ብናገር ያ ሥራ ይቀራል፤ ሱቁም የኔ አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ ብረቱን ሳገላብጥ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኑሪ ከዓረፋ ተመለሱ። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ የታጠፈውን ቴላዮ አዩት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ደርሶ መልስ ሄደሃል?» አሉ።

«አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«የሴት ሳይክል ነዳ እንዳይሉኝ አፍሬ።»

 ቆባቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። «ያንተ እፍረት የሷን ክንድ ሰበረ» አሉኝ። ከዚያ «ብረቱን ተሸከምና ፋብሪካው ሂድ» አሉ።

«ሥራው ቢቀርብንስ፣ ጋሽ ኑሪ?»

«ይቀራ! ሰው ጥለን የምን ሥራ ነው?»

የተሰበረውን ቴላዮ ትከሻዬ ላይ አድርጌ የፋብሪካውን በር አለፍኩ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው አቶ ኃይሉ ይባላሉ፤ ክራቫት የማይለያቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ብረቱን ንጹሕ ጠረጴዛቸው ላይ ላስቀምጥ ስል «ወለሉ ላይ፣ ወለሉ ላይ!» አሉኝ።

«ይሄን የቆረጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የበየደውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። አስካለ አልቀረችም። ሥራ ልትገባ ስትመጣ የኔ ብየዳ ለቆ ነው የወደቀችው።»

ጸሐፊው ቃሌን ጻፈ፤ ፈረምኩ። አቶ ኃይሉ የካቦውን ወረቀት አስመጥተው ሰረዙት። እፎይ ብዬ ልነሣ ስል «ቁጭ በል» አሉኝ። «ክንዷ እስኪድን ፈቃድ ትወስዳለች። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሴት ሠራተኛ በሳይክል እንዳትመጣ የሚል ማስታወቂያ አስለጥፋለሁ። የሚመጣውን ጣጣ አልችልም።»

 ማስታወቂያው ከተለጠፈ አስካለ ድና ስትመለስ እንደገና በእግሯ ነው፤ በእግሯ ከሆነ ታረፍዳለች፤ ካረፈደች ትባረራለች። የተሰረዘው ወረቀት ለአንድ ወር ብቻ የተሰረዘ ሆነ።

«አቶ ኃይሉ» አልኳቸው፤ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጥፋቱ የብየዳው እንጂ የሴትነቷ አይደለም። የወንድ ሳይክል ቢሆንም ያ ብየዳ ይለቅ ነበር።»

አዩኝ፤ ጢሜንም አዩት። «እንግዲያው እንደገና ሥራውና አንተው ንዳልኝ» አሉ። «በፈረቃ መለወጫ ሰዓት፣ በዋናው በር። ሰው ጭነህ። ከያዘ ማስታወቂያውን እተወዋለሁ።»

ስወጣ የሸሸሁት ነገር ራሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር።

ወደ ሱቅ ስመለስ አስካለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጋሽ ኑሪ ጋር ታወራለች። የተባለውን ነገርኳቸው። ብረቱን አንሥቼ ለጋሽ ኑሪ የት እንደተሳሳትኩ ማስረዳት ጀመርኩ። «የቧንቧው ስስነት ነው፤ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ብጠቀም ኖሮ...»

«አይደለም» አለች አስካለ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ብረት ያወቅሽው?»

«ላዩ ላይ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? ሁለት ቀን ሙሉ ብረቱን ስታገላብጥ ዋልክ አሉ፤ ‹ምን ተሰማሽ?› ብለህ አንዴ እንኳ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኳትም። እውነት ነው።

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቁልቁለቱ ላይ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር» አለች። «ከጉልበቴ ፊት፣ እዚች ጋ። የሳይክል ጠባይ መስሎኝ ዝም አልኩ።» በደህና እጇ ጣቷን ያሳረፈችው ያቺን ስንዝር የማትሞላ ቁራጭ የቀጠልኩበት ቦታ ላይ ነው። ቧንቧው የተቆረጠውም እዚያው ነው፤ እሷ ሲጥታውን የሰማችው ግን መገጣጠሚያው ገና በቀለም ተሸፍኖ ሳለ ነው።

«እዚህ ጋ ነው የቀጠልኩት» አልኩ።

«እንዴት ነው የቀጠልከው?»

«አፍ ለአፍ።»

ሳቀች፤ ከንፈሯ ላይ ያለው ቁስል አሳመማትና ያዘችው። «እኔ ክር ሲበጠስብኝ አፍ ለአፍ ብገጥመው ካቦው የዚያን ቀን ያባርረኛል። ሁለቱን ጫፍ አደራርቤ ነው የማጠማዝዘው። ካልተደራረበ አይችልም። ብረት ከክር በምን ይለያል?»

ጋሽ ኑሪ ብድግ አሉ። «አይለይም!» አሉ። «ወላሂ አይለይም! ውስጡ እጅጌ እናግባበት፤ ከዚህም ከዚያም እየተደራረበ እንዲይዝ።»

እንደዚያው አደረግን። ታጥፎ ያበቃለትን የታችኛውን ቧንቧ በደህና ለወጥን። ላዘነበለው ቧንቧ ልኩ የሆነ ቀጭን ቧንቧ ፈልጌ እንደ እጅጌ ውስጡ ከተትኩ፤ ከመገጣጠሚያው ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ ጣት የሚረዝም። ብየዳውንም በነሐስ ሠራሁት፤ ነሐስ በትንሽ ሙቀት ስለሚቀልጥ ቧንቧውን አያቃጥለውም። አስካለ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ነገር ታያለች። «ነሐሱ እዚህ አልደረሰም» ትላለች፤ እውነትም አልደረሰም። ቀለም ልቀባ ስል «ተወው፣ እንዲታይ» አለችኝ። ነሐሱ እንደ ቀለበት ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ቀኑ ደረሰ። የፋብሪካው የፈረቃ ጥሩምባ ጮኸ፤ አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ሌላው ሲገባ በሩ ፊት ለፊት ሰው በሰው ሆነ። አቶ ኃይሉ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። እኔ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሜ የምጭነውን ሰው ስፈልግ ጋሽ ኑሪ ነጭ ቆባቸውን አስተካክለው ከኋላዬ ዕቃ መጫኛው ፖርታባጋሊ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጋሽ ኑሪ፣ እርስዎ!»

«ብየዳህን አምናለሁ ወይስ አላምንም? ንዳ።»

ነዳሁ። ከላይ ከቁልቁለቱ ጀምሬ። መጀመሪያ አንድ ሰው አፏጨ፤ ከዚያ ሁሉም። «ወይዘሮ ቶለሳ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ያ ስም አልለቀቀኝም፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በዚያ ስም የሚጠራኝ ሽማግሌ አለ። ጋሽ ኑሪ ከኋላዬ አጥብቀው ይዘውኝ በየጎርባጣው ሁሉ «በቀስታ... በቀስታ...» ይላሉ። እኔ ጆሮዬን ከጉልበቴ ፊት ጥዬ ሲጥታውን እጠብቃለሁ። አልመጣም።

በሩ ጋ ስደርስ አስካለ ከሠራተኞቹ መሐል ቆማለች። ፊቷን አየሁት። ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥታ የምትስቀው እሷ ናት። ዓይኗ ግን ብየዳው ላይ ነበር።

አቶ ኃይሉ ከበረንዳቸው ወርደው ነሐሱን በጣታቸው ነኩት። «እሺ» አሉ።  ማስታወቂያው አልተለጠፈም። የተላላኪዎቹ ሳይክልም ከኛ አልተወሰደም።

ጀሶው ሲፈታላት አስካለ ነድታ ሥራ ገባች። ቀሚሷ የኋላ ጎማው ውስጥ እየገባ ሲያስቸግራት ከፋብሪካው በወደቀ ክር መረብ ሠርታ ከፓራፋንጎው እስከ ጎማው መሐል ወጠረችበት። በሥዕል መጽሐፉ ውስጥ የሴት ሳይክል ላይ ልክ እንደዚያ ያለ መረብ ነበር፤ እሷ ግን ያን ቀን ያየችው አግዳሚውን ብቻ ነው፤ መረቡን የሠራችው ቸግሯት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሴቶችም መጡ። ቧንቧውን እኔ እቀጥላለሁ፤ መረቡን አስካለ ትሠራለች። በኛ መንገድ የሴት ሳይክል የተለመደው እንዲህ ነው።

ክንዷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ብርድ ሲሆን ያማት ነበር፤ ሲያማት ደግሞ ሱቁ በር ላይ ቆማ «ብየዳህ ዛሬ ነካ አድርጎኛል» ትለኛለች። ቀልድ ነው። ቢሆንም በሰማሁት ቁጥር በርጩማውን አውጥቼ አስቀምጣታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የተሰበረ ሳይክል በእጄ አልፏል። መጀመሪያ ብረቱን አላይም። ሰውየውን አስቀምጠዋለሁና «ከመውደቅህ በፊት ምን ሰማህ? የት ጋ?» እለዋለሁ። እናንተም ሙያው ላይ ያላችሁ እንዲሁ አድርጉ። ሥራችሁ ሲሰበር የወደቀውን ሰው ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም አትከራከሩት።